ከፎቶው የቆረጥናቸው ጎረቤቶች

ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ የአፓርታማ ሽያጭ ማስታወቂያ ፎቶ ለማስነሳት ግንባታው ወዳለበት ሰፈር ሄድን። ሥራዬ የማርኬቲንግ ባለሙያነት ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ስለነበር ብርሃኑ ጥሩ ነው፤ የሕንፃው መስታወት ያብረቀርቃል፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ያስቸገረን የሕንፃው ግርጌ ብቻ ነበር። በስተግራ በኩል በላስቲክ ጥላ ሥር አንዲት ሴት ለግንባታ ሠራተኞች ጀበና ቡና ትሸጣለች። የከሰል ምድጃ፣ ረከቦት፣ ሦስት የፕላስቲክ በርጩማ፣ ጀርባዋ ላይ የታዘለ ልጅ። ፎቶ አንሺው ዞር ብሎ አየኝ። ምን ሊል እንደፈለገ ስለገባኝ ወደ ሴትዮዋ ሄድኩ።

«እህቴ፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ ወደዚያ ጠጋ ትይልን?» አልኳት።

ምንም አልተቆጣችም። ምድጃዋን በጨርቅ ይዛ፣ ጀበናዋን በሌላው እጇ አንጠልጥላ ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ ሄደችና አንገቷን ብቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«እዚህ ብሆን አልታይም?»

«አትታይም፤ አሁን ጥሩ ነው» አልኳት።

ፎቶው አምሮ ወጣ። ማስታወቂያውም በደንብ ሠራ። እኔ ግን ያንን ጥያቄ ከጭንቅላቴ ማውጣት አቃተኝ። ሌላም ትንሽ ነገር ትዝ አለኝ። የማላውቃትን፣ ምናልባትም በዕድሜ የምትበልጠኝን ሴት ገና ስናገራት «አንቺ» ነው ያልኳት። ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው ወጣት እንኳ ቢሆን፣ «እርስዎ» እለው ነበር።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለ ድህነት አዲስ ነገር ለመንገር አይደለም። ድህነት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ልጠይቅዎ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ እርስዎ በየቀኑ ከሚያልፉበት መንገድ፣ ከቤትዎና ከቤተ ክርስቲያንዎ ደጅ፣ ማንን ከፎቶው ቆርጠው ያወጣሉ? ክርስቲያን ከሆንንስ ያንን ሰው መልሰን ለማየት ከየት እንጀምር?

ድሮ አንድ ሰፈር ነበርን

አዲስ አበባ ስትቆረቆር ከተማዋ ያደገችው በሰፈር ነው። መኳንንቱ ቦታ ተሰጥቷቸው ግቢያቸውን ሲያጥሩ ወታደሩ፣ አገልጋዩ፣ ባለ እጁ፣ ጠጅ ጣዩ ዙሪያውን ሰፈረ። ራስ ካሳ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚባሉት ስሞች የዚያ አሰፋፈር ትዝታዎች ናቸው። ከትልቁ ግቢ አጥር ሥር ትንሿ ጎጆ ነበረች። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሲሆኑም ቪላውና የቀበሌ ቤቱ በአንድ መንገድ ዳር መኖራቸውን አላቆሙም።

ያ አኗኗር የፍትሕ ምሳሌ ነበር ማለቴ አይደለም። ጌታና ሎሌ በአንድ ሰፈር ስለኖሩ እኩል አልሆኑም። ሆኖም ይተያዩ ነበር። አንድ እድር ውስጥ ነበሩ። ባለ መኪናውም ሊስትሮውም ሰው ሲሞትበት አንድ ድንኳን ይተከልለታል፤ ያው አግዳሚ ወንበር ይደረደርለታል። ማን ቤት ጭስ እንዳልታየ፣ የማን ልጅ ትምህርት እንዳቋረጠ ሳይጠየቅ ይታወቅ ነበር።

ዛሬ ይህ እየቀረ ነው። በመልሶ ማልማትና በኮሪደር ልማት ነባር ሰፈሮች ሲነሱ ብዙ ነዋሪዎች ከተማዋ ዳርቻ ወዳሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሄደዋል። አቅም ያለን ደግሞ ጥበቃ ያለው ግቢ፣ ሊፍት ያለው አፓርታማ መርጠናል። አዲሱ እድራችን ውስጥ ያሉት ሁሉ እንደኛው ቤት መግዛት ወይም መከራየት የቻሉ ናቸው። ከድሃ ጋር የምንገናኘው በመኪና መስኮት ወይም በአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት ብቻ ሆኗል።

በሙያዬ ይህን ነገር በቁጥር አየዋለሁ። አንድን ምርት ለገበያ ስናቀርብ መጀመሪያ የምንሠራው ሰዎችን በገቢ መከፋፈል ነው። መግዛት የሚችሉት ስም፣ ዕድሜ፣ የሚወዱት ሙዚቃ ሳይቀር ይጻፍላቸዋል። መግዛት የማይችሉት ከሰንጠረዡ ይወጣሉ። ለሥራ ይህ ትክክል ነው። አደጋው ያንኑ ሰንጠረዥ ይዘን ወደ ቤታችንና ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ነው።

ነዌ ምን አጠፋ?

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ያለውን የሀብታሙንና የአልዓዛርን ታሪክ ያውቁታል። ሀብታሙን በእኛ ሀገር ትውፊት ነዌ እንለዋለን። ታሪኩን እንደገና ሳነበው የገረመኝ በወንጌሉ ያልተጻፈው ነገር ነው። ነዌ አልዓዛርን መታው አይልም። ሰደበው፣ በጥበቃ አስባረረው አይልም። ገንዘቡን በሌብነት አገኘ የሚልም የለም። በየቀኑ ጥሩ ለብሶ ጥሩ በላ፤ አልዓዛር ደግሞ በደጁ ተኝቶ ነበር። በቃ።

ሁለተኛው የገረመኝ ነዌ በመከራ ቦታ ሆኖ አብርሃምን ሲለምን አልዓዛርን በስሙ መጥራቱ ነው። ስለዚህ ያውቀው ነበር ማለት ነው። ያኔም ቢሆን ውኃ እንዲያመጣለት፣ ለወንድሞቹ መልእክት እንዲያደርስለት ነው የፈለገው። አልዓዛር በዓይኑ ፊት አሁንም የሚላክ ሰው ነበር።

ዮሐንስ አፈወርቅ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአንጾኪያ ሳለ በዚህ ታሪክ ላይ ተከታታይ ስብከት ሰጥቷል። ካለን ላይ ለድሃ አለማካፈል ራሱ ከድሃው መውሰድ መሆኑን በግልጽ አስተምሯል። በዚያው ዘመን የቂሣርያው ባስልዮስ ረሃብ በገባ ጊዜ ባለጎተራዎቹን በስብከት ከመገሠጽ አልፎ የተራበውን ሲመግብ፣ በኋላም ከከተማው ዳር ለሕሙማን፣ ለድሆችና ለመንገደኞች መጠለያ ሠርቷል። ምጽዋት ለእነዚህ አባቶች ሲተርፍ የሚደረግ ተጨማሪ በጎነት አልነበረም፤ የእምነቱ መለኪያ ነበር።

የእኛም ቋንቋ ይህን ያውቃል። ለማኝን «የኔ ቢጤ» እንለዋለን። ቃሉን ረጋ ብለው ያዳምጡት፦ የእኔ አምሳያ፣ የእኔ እኩያ ማለት ነው። ግን ያንኑ የእኔ ቢጤ ባዶ እጁን ስንመልሰው «እግዜር ይስጥህ» እንለዋለን። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2 የሚወቅሰው ይህንኑ ነው፤ የታረዘውንና የተራበውን በመልካም ምኞት ብቻ ማሰናበትን።

«እኛም እኮ ተቸግረናል»

ይህን ርዕስ ሳነሳ ጓደኞቼ የሚመልሱልኝ ይህንን ነው። እውነታቸውን ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አልፏል። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይ፣ ዘይቱ፣ ነዳጁ ሁሉ ተወደደ። የደመወዝተኛ ቤተሰብ ወር መድረስ አቅቶታል።

ግን አንድ ስሌት እንሥራ። እኛ ዋጋ ሲጨምር ከሥጋ ወደ ሽሮ፣ ከመዝናኛ ወደ ቤት እንወርዳለን። ሽሮ ላይ የነበረው ሰው ወደየት ይወርዳል? እኛን የጠበበን ኑሮ እሱን ከምን እንደሚያወጣው ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ በራሳችን ጣሪያ ሥር ያለችውን ሠራተኛ መጠየቅ ይበቃል።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ሴት ልጃችን በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ግብዣ ደገስን። ከአዳራሽ እስከ ዲኮር፣ ከኬክ እስከ ፎቶ 140 ሺህ ብር ገደማ ወጣ። ሁሉም «ደስ የሚል ነበር» ብሎ ሄደ። ማታ ላይ ወጪውን ስጽፍ ያቺ ቤታችን የምትሠራ ልጅ ከአራት ወር በፊት የጠየቀችኝ የ1,000 ብር ጭማሪ ትዝ አለኝ። «ትንሽ ቆይ፣ እናየዋለን» ብያት ነበር። በዚያ ዕለት ከጠዋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምራ ቆማ የዋለችው እሷ ናት። ከ140 ሺህ ብሩ ውስጥ የእሷ የዓመት ጭማሪ 12 ሺህ ብር ነው። ገንዘቡ ነበረ። ያልነበረው የእኔ ዓይን ነው።

በማግስቱ ጨመርኩላት፤ ያለፈውን አራት ወርም ከፈልኳት። ይህን የምነግርዎ እንዲያመሰግኑኝ አይደለም። አራት ወር የዘገየ ዕዳ መክፈል ምጽዋት አይባልም።

ከየት እንጀምር?

ከዚያ ወዲህ በቤታችን የሞከርናቸውን፣ ከሌሎችም የተማርናቸውን ነገሮች ላካፍልዎ። አንዳንዶቹ ገንዘብ አይጠይቁም።

*ከቤትዎ ይጀምሩ።* ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 የድሃ ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈል ያዛል። የእኛ ሀገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የቤት ውስጥ ሠራተኞችን ከሽፋኑ ውጭ አድርጓቸዋል። ስለዚህ የቤት ሠራተኛዎ የዕረፍት ቀን፣ የሕክምና፣ የደመወዝ ጉዳይ በአብዛኛው የተንጠለጠለው በእርስዎ ሕሊና ላይ ነው። ደመወዟን በቀኑ ይክፈሉ። በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ያሳርፏት። የማታ ትምህርት መማር ከፈለገች ሰዓቷን ያስተካክሉላት። የባንክ ሂሳብ ካላት በሂሳቧ ያስገቡላት። የግቢው ጥበቃና ልብስ አጣቢዋም በዚሁ ዝርዝር ውስጥ አሉ።

*ስም ይጠይቁ።* በየቀኑ የሚያገኟቸውን ሦስት ሰዎች ይምረጡ፤ ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትሸጠው፣ መኪናዎን የሚጠብቀው ልጅ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚቀመጡት አዛውንት። ስማቸውን ይጠይቁና ይዘው ይቆዩ። ጠዋት ጠዋት ጎዳና ሲጠርጉ ከሚያዩአቸው እናቶች መካከል በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች አሥር ከተሞች በተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ታቅፈው የነበሩ ብዙዎች ናቸው። «እንደምን አደሩ» ማለት ምንም አያስከፍልም።

*ክርክርዎን ይመርምሩ።* ካፌ ገብተን ለአንድ ማኪያቶ የተጠየቅነውን እንከፍላለን፤ ጉርሻም እንተዋለን። ከካፌው ወጥተን ጉልት ላይ ግን በአሥር ብር ቲማቲም እንከራከራለን። የተከራከርንባት አሥር ብር ለእኛ ከመኪናው ወንበር ሥር የምትጠፋ ናት፤ ለእሷ ግን የዕለቱ ትርፍ ልትሆን ትችላለች። ጠቀም ያለ ምጽዋት ከመስጠት በፊት የሰውን ንግድ በአግባቡ መግዛት አለ።

*ምጽዋትዎን በጀት ውስጥ ያስገቡ።* እቁባችንን፣ የትምህርት ቤት ክፍያችንን አንረሳም፤ ምክንያቱም ተጽፏል። ምጽዋት ግን መብራት ላይ ስንቆም በሚገኝ ድንገተኛ ስሜትና በዝርዝር ሳንቲም ይመራል። ዐሥራት የሚያወጡም የማያወጡም ቤተሰቦች ደመወዝ በገባበት ቀን የተወሰነች ድርሻ ለብቻ ቢያስቀምጡ ልዩነቱን ያዩታል። ባልና ሚስት አብረው ይወስኑ፤ ልጆችም ይስሙ።

*ለብቻዎ የማይችሉትን ከሚችሉት ጋር ያድርጉት።* ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ለመሳለም ሄደው ወሎ በረሃብ ተመትቶ አዩ። በሞተች እናቷ አጠገብ ያገኟትን ሕፃን ይዘው ተመለሱ። ቤተሰባቸው ቢቃወምም ሥራው አድጎ ብዙ ሺህ ልጆችን የደረሰ ድርጅት ሆነ፤ እሳቸው በ2013 ዓ.ም. ቢያርፉም ሥራው ቀጥሏል። ልብ ይበሉ፤ እሳቸው የወጡት ለመሳለም ነበር። የብንያም በለጠ መቄዶንያ ጧሪና ደጋፊ የሌላቸውን አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ከጎዳና እያነሳ ይንከባከባል። ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለው የእማሆይ ትሬዛ ቤት የታመሙ ድሆችን ይቀበላል። እንዲህ ያሉ ቤቶች ከገንዘብ ሌላ የሚያጥብ፣ የሚላጭ፣ ቁጭ ብሎ የሚያዋራ ሰው ይፈልጋሉ። ሒሳብ ሠራተኛም ነርስም ብትሆኑ ሙያችሁ ይፈለጋል።

*ድግስዎን ያስተካክሉ።* ሉቃስ ምዕራፍ 14 ላይ ጌታችን ግብዣ ስታደርጉ መልሰው ሊጋብዟችሁ የማይችሉትን ጥሩ ብሎ ያስተምራል። ሰንበቴና ጽዋ ማኅበር የነዳያንን ድርሻ ሲያወጡ የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው። በልደት፣ በክርስትና፣ በሠርግ በጀት ላይ ከመጀመሪያው አንድ መስመር ይጨምሩ። ትርፍራፊ ማለቴ አይደለም፤ እንግዶቹ ከመቅመሳቸው በፊት የተነሳ ሙሉ ድርሻ።

*ካሜራዎን ያስቀምጡ።* ይህን እንደ ማርኬቲንግ ባለሙያ እለምንዎታለሁ። የተራበ ሰው ዳቦ ሲቀበል የሚያሳይ ቪዲዮ ብዙ ሰው ያየዋል፤ ይህን አውቃለሁ። የሚታየው ግን የሰጪው ደግነት ነው፤ የሚሸጠው የተቀባዩ ፊት ነው። ልጆቹ ነገ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ያንን ቪዲዮ ያዩባቸዋል። ጌታችን የቀኝ እጅን ሥራ ከግራው እንድንሰውር ያስተማረን ለእኛ ትሕትና ቢሆንም ለእነሱም ክብር ይተርፋል።

«ያታልሉኛል» ለምትሉ

ከዚህ ሁሉ በኋላም አንድ ጥያቄ ይቀራል። መንገድ ላይ እጁን ለዘረጋ ሁሉ ልስጥ? ሐሰተኛ ማዘዣ ይዞ የሚለምን አለ፤ ሕፃን ተከራይታ ትለምናለች የሚባልም እንሰማለን። ቀላል መልስ የለኝም። እኔና ባለቤቴ የተስማማንበትን ግን ልንገርዎ። ለሕፃናት ገንዘብ አንሰጥም፤ ዳቦና ሙዝ መኪና ውስጥ እንይዛለን። ለአቅመ ደካሞች እንሰጣለን። ከፍ ያለውን ደግሞ በምናውቃቸው ሰዎችና ድርጅቶች በኩል እናደርሳለን። ስንሰጥም ባንሰጥም ዓይን ዓይናቸውን እያየን እንመልሳለን፤ መስታወት አንዘጋም።

አንዳንዴ እንታለላለን። በዓመት ስንቴ እንደተታለልን ብቆጥረው፣ በአንድ የቅናሽ ማስታወቂያ ተታልዬ ከገዛሁት ጫማ ዋጋ አይበልጥም።

ከአጥሩ ጀርባ

ከክርስትናው ድግስ በኋላ ባለ አንድ ቅዳሜ ወደዚያ ሕንፃ ተመለስኩ። ግንባታው አልቆ ሰው ገብቶበታል፤ በሩ ላይ ጥበቃ ቆሟል፤ አበባ ተተክሏል። ላስቲኩ የለም። ጥበቃውን ጠየቅሁት። «ቡና የምትሸጠዋ? ከአስፋልቱ ማዶ፣ አዲስ የተጀመረው ሕንፃ ጋ ሄዳለች» አለኝ።

አገኘኋት። ጀርባዋ ላይ የነበረው ልጅ አሁን በእግሩ ይሄዳል። አላስታወሰችኝም። በርጩማ ላይ ተቀምጬ «ቡና ይኖርዎታል?» ስላት ሳቀች። «ምነው እርስዎ ትይኛለሽ፣ አረጀሁ እንዴ?» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። ሁለት ስኒ ጠጣሁ። ዋጋውን ከፍዬ ስነሳ፣ የዚያን ቀን ከቦታዋ ያስነሳኋት እኔ መሆኔን ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና፣ «እሱማ ሁሌ ያስነሱናል» አለች፤ የሚቀጥለውን ደንበኛ ስኒ እያጠበች።

ይቅር አላለችኝም፤ አልተቀየመችኝምም። ለእሷ ተራ ቀን ነበር። ለእኔ ግን ያ መልስ ከስብከት በላይ ከበደኝ። ስሟን ጠይቄ ነገረችኝ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ፣ መንገዴ በዚያ ሲሆን፣ በስሟ እየጠራሁ ቡና እጠጣለሁ። የልጁ መዋዕለ ሕፃናት ጉዳይ ሲነሳ ከሰፈሩ ትምህርት ቤት መዝጋቢዎች ጋር አብሬያት ሄጄ ነበር። ከዚህ የበለጠ ትልቅ ነገር አላደረግሁም። ድህነቷም አልቀረም።

እርስዎም ምናልባት ይህን መጽሔት የሚያነቡት ካፌ ተቀምጠው፣ ወይም ልጅዎን ከትምህርት ቤት በር ላይ እየጠበቁ ይሆናል። ገጹን ከመግለጥዎ በፊት አንድ ጊዜ ቀና ብለው ዙሪያዎን ይዩ። በየቀኑ እዚያ የነበረ፣ ስሙን የማያውቁት ሰው አለ። ዛሬ እሱን ይጠይቁት።